ገለምሶ ሳንደርስ

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ልቤ ደህና ነው። የታመመው ጉልበቴ ነው።

ይህን የምጽፈው በከተማው ሌላ ስለሚወራ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ደረጃ ስቼ በግራ ጉልበቴ ወደቅሁ። ልጄ ሚካል ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ ሐኪሞች እንደሚያደርጉት፣ ደረቴን አዳመጠ። ግፊትዎ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጨው ይቀንሱ አለኝ። ሌላ አላለም። የእድራችን ሰብሳቢ ማሚቴ ግን በዚያ ሰዓት መድኃኒት ልትቀበል መጥታ ኖሮ፣ በተከፈተው በር ያየችው ማዳመጫው ደረቴ ላይ ሲያርፍ ነው። ጉልበቴን አላየችም። ትናንት ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት «እትዬ ሣህሊቱ፣ ልብዎ እንዴት ነው? ድንገተኛ ነገር እንዳይሰሙ አሉ» አለችኝ።

ጡረታ የወጣሁት ከስልክ ቤት ነው። የአሰበ ተፈሪን ሰው ጥሪ በእጄ እየሰካሁ ሳገናኝ ኖሬአለሁ። በሽቦ ከሚሄደው ወሬ በእግሩ የሚሄደው እንደሚቀድም አውቃለሁ። ቢሆንም በራሴ ላይ ሲደርስ ተናደድኩ። (ከተማው ጭሮ ከተባለ ቆይቷል። እኔ አሰበ ተፈሪ ስል ሚካል «እማዬ፣ ታርጋሽ አሮጌ ነው» ትለኛለች።)

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን የቤቱ ኃላፊ የነበሩት ሴትዮ በየማታው ማስታወሻ ያስጽፉን ነበር። ደንባቸው እንዲህ ነው፦ ያየሽውን ጻፊ፤ የሰማሽውን «ሰማሁ» ብለሽ ጻፊ፤ የገመትሽውን ተዪው። የገመተች ልጅ ራት አታገኝም ነበር። ደንቡን እስከ ዛሬ አልጣስኩም።

ስለዚህ፦ ልቤ ደህና ነው።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

አናጺው የግቢውን በር ማጠፊያ ሲጠግን ዋለ። አጣሞ ሰክቶት አስነቀልኩት።

በመሀል ዘገየ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከእርሱ ሌላ ወንድምም እኅትም የለኝም። ገለምሶ ይኖራል። ዕድሜውን ከቦኬ ደጋ እስከ ቦርደዴ ቆላ ከብት ሲከትብ ኖሮ ነው ያረፈው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፤ ልጅም የለውም። የደወለበትን ጉዳይ ስሰማ ማመን አቃተኝ። አባታችን በበቅሎ ከበዴሳ ወደዚህ ሲያመጣን፣ ኩኒ አጠገብ ወርደን ውኃ የምንጠጣበት ምንጭ ስሙ ማን ነበር ይለኛል። አናጺው ከበስተጀርባዬ እየመታ ነው። «ለዚህ ነው የደወልከው? ነገ ደውል» አልኩት።

«እሺ፣ እታለም» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳል አቋረጠው።

ኅዳር 15፣ እሑድ

የነቢያት ጾም ገባ። ዘገየ ትናንትም ዛሬም አልደወለም። እኔ ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሣም።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ሚካል ከባንክ ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች። የዘገየ ሳል ስለጠናበት ታምራት ሄዶ አዳማ ሐኪም ቤት አስተኝቶታል። ታምራት የበኩር ልጄ ነው፤ ኑሮው አዳማ ነው። መቼ ወሰደው አልኳት። ቅዳሜ። ለምን አልነገራችሁኝም አልኳት። እንዳትደነግጪ ብለን ነው።

ሻንጣዬን ከቁምሣጥኑ አናት አወረድኩ። ሚካል መልሳ ሰቀለችው። ሐኪሙ ያለውን ረሳሽ ወይ አለችኝ። ሐኪሙ ያለው ጨው ቀንሺ ነው። አዳማ የሚወስደው የሚኤሶ መንገድ ጨው የለበትም አልኳት። አልሳቀችም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ታምራት አገናኘኝ። የዘገየ ድምፅ ቀጥኗል። በኔ ጊዜ እንዲህ ያለ መስመር ሲያጋጥመኝ ጮክ ይበሉ እል ነበር። ዛሬ አላልኩም። «እታለም፣ ምንጩስ?» አለኝ። አላስታወስኩም፣ እስክትድን አስታውሳለሁ አልኩት። ከዚያ ታምራት ስልኩን ተቀበለ።

ሐኪም ቤት ይበርዳል። ግራጫ ክር ገዝቼ ሹራብ ጀመርኩለት።

ዓርብ ዕለት ነገ ደውል ማለቴ። አናጺው ቢጠብቅ ምን ይሆን ነበር?

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ከሰዓት በዑሙልኸይር ግቢ ምስር ስንለቅም ቆየን። ዑሙልኸይር በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት። ልጆቻችን በአንድ ሳህን በልተው አድገዋል፤ በረመዳን እኔ ቤት ድስት አይጣድም፣ በፋሲካ እርሷ ቤት።

ስልኳ ጮኸ። «ወዓለይኩም ሰላም» አለች። ቀጥላ ወደ እኔ አየችና ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። «እህ» አለች። «ዮም?» አለች፤ መቼ ማለት ነው። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ወደ ቤት ገብታ ቆየች። ተመልሳ ስትቀመጥ የተለቀመውን ምስር ካልተለቀመው ደባለቀችው።

ዛሬ ምን ነካሽ ብዬ ተቆጣኋት።

«ዓይኔ ነው፣ ሣህሊቱ» አለች። «ዓይኔ ከእኔ ቀድሞ አረጀ።»

ሁሉንም እንደገና ለቀምነው። ስጨርስ አላሰናበተችኝም፤ ተከትላኝ ቤቴ ገባች፣ ሚካል እስክትመጣ ድረስ ከአጠገቤ አልተነሣችም። ስለ ማሽላ ዋጋ ታወራልኛለች። ዑሙልኸይር ማሽላ አትገዛም፤ ከወንድሟ እርሻ ነው የሚመጣላት።

በስልክ ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለውን ጥሪ ከመጀመሪያው ቃል ለይቼ አውቀው ነበር። ሞት የደረሰበት ቤት ስልክ ቢኖረው እንኳ አይደወልለትም። ደዋዩ የጎረቤት ስም ይሰጣል። ጎረቤቲቱ ስታነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ብቻሽን ነሽ?» ከሆነ መርዶ ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው ያን በር ይመታሉ። ማታውን ባለቤቱን መንገድ ላይ ባገኘው እንደምን አመሹ ብዬ አልፋለሁ። ከእኔ አፍ ቀድሞ የሰማ አንድ ሰው የለም። የሰማሁትን አለመስማት ሥራዬ ነበር፤ ለዚያም ተመስግኜበታለሁ።

ዑሙልኸይር ዘመደ ብዙ ናት። ድሬዳዋ አሏት፣ ሚኤሶ አሏት። ለእርሷ የመጣ ነገር ይሆናል። ስትፈልግ ትነግረኛለች።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። ለባብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሩን የመታ ሰው የለም።

ስለዚህ ምንም የለም። ሹራቡን ያዝኩ።

ሚካል ዛሬ ሐረር ለሥልጠና ሄደች። ድንገት ነው፤ ቁርስ እንኳ አልቀመሰችም። ነገ ማታ እመለሳለሁ ብላለች። ዑሙልኸይር ከእኔ ጋር ታድራለች፤ ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ነበር። ማንም አልመጣም።

ሚካል ትናንት መሽቶ ገባች፤ ራሴን አሞኛል ብላ ተኛች። የጉንፋን ዓይን ነው ያላት። ጠዋት ጫማዋን ደጃፍ አገኘሁት። ተረከዙ ላይ ቀይ አፈር ወፍሮ ደርቋል፣ የተቆፈረ አፈር ዓይነት። ሥልጠና የሚሰጠው አዳራሽ ውስጥ ነው።

ጫማውን በቢላ ፍቄ፣ በጨርቅ አብሼ፣ ቀለም ቀብቼ ቦታው መለስኩት። ስትወጣ አየችው። ቆማ አየችው። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ማሚቴና ሁለት የእድር ሴቶች መጡ። ማሚቴ ከእኔ ጋር ሳትከራከር የወጣችበት ቀን አላስታውስም። የእድሩ ድንኳን ምሰሶ ይለወጥ ስል ባለፈው ወር የተጣላችኝ ሴት ዛሬ «እርስዎ እንዳሉ እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉ» ትለኛለች። ቆሎ ባቀርብ አንድ ፍሬ አልዘገነችም። ጉልበቴን አልጠየቀችኝም፤ ሳወራ ግን ደረቴን ነው የምታየው።

ሲወጡ በሩ አጠገብ ሰማሁ፦ «እስካሁን?» ሌላዋ፦ «በየት በኩል? ልቧ እኮ ነው።» ማሚቴ፦ «ኃጢአቱ የነሱ ነው፤ እኔ የለሁበትም።»

ስለ ምን እንደሆነ አልተነገረኝም። የምሰሶው ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

በየቀኑ ዘገየ እንዴት ነው እላለሁ። በየቀኑ «ያው ነው» ይሉኛል። ዛሬ ራሴ በስልኩ ደወልኩ። የተቀዳችው ሴት ማግኘት አይችሉም አለችኝ። ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ቃሉን አትውጥም፣ አይደክማትም። እኔ ብሆን ግን «ቆዩ፣ ደግሜ ልሞክርልዎ» እል ነበር።

ደግሜ ደወልኩ። ያንኑ አለች።

አንድ እጅጌ ቀርቶኛል። ዘገየ ክንደ ረዥም ነው፤ የገዛው ሹራብ ሁሉ ያጥረዋል።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ታምራት ደወለ። ቅዳሜና እሑድ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ ሦስታችን በተራራው መንገድ በኩኒ አድርገን እስከ በዴሳ እንድንሸራሸር። «ከተመቸን ገለምሶም» አለ።

ልጆቼ ለሽርሽር ወስደውኝ አያውቁም። ታምራት የሰርጉ ማግስት እንኳ ሥራ የገባ ሰው ነው። ዘገየ አዳማ ተኝቶ ገለምሶ ምን እንሠራለን አልኩት። መስመሩ ክፍት ነው፤ እስትንፋሱን እሰማለሁ።

ቤቱን ገልጠን እናናፍስለታለን አልኩት፣ እኔው።

«አዎ፣ እማዬ» አለ ቶሎ ብሎ። «ቤቱን እናናፍስለታለን።»

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ታምራት ገባ። ከስቷል። ጢሙን አሳድጓል፣ ያውም ሳይከረከም፣ እንደ እስረኛ። በእኔ ቤት ወንድ ልጅ ሳይላጭ ማዕድ አይቀርብም፤ አባታቸውም ያውቁት ነበር። ይህን ሣር አጭደህ ና አልኩት።

ሚካል «ተይው፣ እማዬ» አለችኝ።

ምኑን ነው የምተወው አልኳት።

ታምራት እኅቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ የሃምሳ ዓመት ሰው እንደ ልጅ ተነሥቶ ሄደ። በግቢው ቧንቧ አጠገብ መስታወቱን ከአጥሩ ሰክቶ ተላጨ። ሚካል ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሽሮ ስትቀላቅል ሰው በሩን አይዘጋም።

ተላጭቶ ሲመጣ ጉንጩን ስሜ አሁን ሰው መሰልክ አልኩት። ዓይኑ ቀልቷል። ምላጩ ነው አለ።

ብዙ ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ። በሐዘን ጊዜ ጢሙን የሚላጭ ወንድ አይቼ አላውቅም። ታምራት ደግሞ ሥርዓት ያውቃል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ተላጭቷልና ምንም የለም ማለት ነው።

እጄ ላይ የምላጭ ሳሙናው ሽታ አለ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ፣ በዴሳ

በሆቴል ክፍል ውስጥ ነው የምጽፈው። ሚካል ሌላው አልጋ ላይ ናት፤ የተኛች ታስመስላለች።

ጠዋት ስንነሣ ዑሙልኸይር በር ላይ ቆማ ዱዓ አደረገችልን። እኔን አቅፋ ቆየች። ወደ መካ የምሄድ አስመሰልሽው አልኳት። ስቃ ፊቷን በሻሿ ጠረገች። የተጠናቀቀውን ሹራብ በላስቲክ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩ። ከኋላ ወንበር እግሬን ዘርግቼ እንድቀመጥ አድርገውኛል።

መኪናው ትንሽዬ ቪትዝ ነው፤ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣው። ማሽላው ታጭዶ በየእርከኑ ተከምሯል። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ጥሩምባ እየነፉ ከላይ ይወርዱብናል፤ ታምራት ዳር ይዞ ያሳልፋቸዋል። ሚካል «እንደ ሙሽራ መኪና ነው የምትነዳው» ብላ ቀለደችበት። «ሙሽራዋ ከኋላ ተኝታለቻ» አላት። ሁለቱም ሳቁ። 

አልተኛሁም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ነው። እንዲህ አሉ፦

ሚካል፦ «ዛሬ አይሆንም። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ እዚያው ቤቱ ውስጥ። የገለምሶ እድርተኞች እንዲሰበሰቡ ተናግሬአለሁ።»

ታምራት፦ «እጄ ላይ ብትወድቅስ?»

ሚካል፦ «ብትሰማ ቀስ ብላ ነው የምትወድቀው፣ ሳትሰማ ስትቀር ግን እኛ ነን የምንወድቀው።»

ታምራት፦ «አንቺ ንገሪያት።»

ሚካል፦ «ታላቅ አንተ ነህ።»

የሰማሁት ይህን ነው። በሥራዬ ጊዜ ቢሆን ጆሮ ማዳመጫውን አውርጄ እጄን ጭኔ ላይ አደርግ ነበር። ዛሬም እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ ሹራቡ ላይ።

ኩኒ ስንቃረብ ጉም ዋጠን። የሙክታር ተራራ ጽድ እንደ ድሮው ነው፤ ሳስቷል እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። በድንገት ድንጋዩን አየሁት። ከመንገዱ በላይ ያለ፣ ወገቡ የተሰነጠቀ ድንጋይ፤ አባታችን በቅሎዋን የሚያስርበት። አቁም አልኩት። ታምራት ደንግጦ ፍሬን ያዘ፤ ደረቴን አየ። ልቤ አይደለም፣ ምንጭ ነው አልኩት።

ምንጩ አለ። በሲሚንቶ ከበውታል፣ ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ። አንዷን በኦሮምኛ ስሙን ጠየቅኋት። «ቡርቃ ጀልዴሳ» አለችና ሳቀችብኝ፤ የዝንጀሮ ምንጭ ማለት ነው። በመኪና የመጣች፣ የምንጩን ስም የማታውቅ ሴት ምን ትባላለች አለች ለጓደኛዋ። እውነቷን ነው። እንዴት ይረሳል? ዘገየ ልጅ ሳለ ዝንጀሮዎቹ ዳቦውን ቀምተውት እስከ ኩኒ ድረስ ሲያለቅስ ነበር፤ አባታችን «ዘመዶችህ ናቸው፣ ተበደሩህ እንጂ አልቀሙህም» እያለ ያበሽቀው ነበር።

በእጄ ጠጣሁ። ሚካል ባዶ ሃይላንድ አቀበለችኝ፤ ሞልቼ ከደንኩት። ለዘገየ ነው አልኩ። ታምራት ፊቱን ወደ ጉሙ አዞረ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁ። በርዶታል።

በዴሳ ከሰዓት ገባን። ገበያው አፍ ላይ ጫት የምትሸጥ ኩብራ የምትባል ሴት አወቀችኝ። የዘገየ ሥራ ነው፤ በዚህ አገር ከብት ያለው ሰው ሁሉ የእርሱ ወዳጅ ነው። ጫቷን ጥላ መጥታ ሁለት እጄን ያዘች።

«አዴ ሣህሊቱ! የዶክተር ዘገየ እኅት! ላሜን ሁለቴ ከሞት ያወጣ ሰው… አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ አዴ።» እንባዋ እጄ ላይ ወረደ።

ሚካል በመሀላችን ገባች። «ሂን ዸጌኜ» አለቻት በፍጥነት። አልሰማችም ማለት ነው። ሚካል እኔ ኦሮምኛ የቻልኩት እርሷ ከመወለዷ በፊት መሆኑን ትረሳለች። ኩብራ አፏን በሻሿ ያዘች። ከዚያ ከጎረቤቷ መደብ ሙዝ ገንጥላ እቅፌ ውስጥ ከተተችው፤ ሌላ ምን ታድርግ።

ሰብር ትዕግሥት ነው። ለጉልበት ሕመምም ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ነገ ገለምሶ ነን። ሹራቡን ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ፣ ውኃውን ከአልጋው አጠገብ። ነጠላዬን አውጥቼ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ። ጎህ ሲቀድ ዝግጁ እሆናለሁ። ለምኑ እንደሆነ አልጻፍኩም።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ፣ ጠዋት፣ መኪና ውስጥ

ፊደሌ ይጣመማል፣ መንገዱ ነው።

ተነሥቼ ጠበቅሁ። ጎህ ቀደደ። ፀሐይ ወጣ። ቁርስ በላን። ከበዴሳ መውጫ ታምራት መኪናውን አቆመ። ወረደ። ገለምሶ የሚወስደውን መንገድ እያየ ቆመ። ቆየ። ሚካል መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ስሙን ጠራችው። ተመልሶ ገብቶ «መንገዱ ተዘግቷል አሉ» አለ።

ማን አለ አልኩት።

«ሰዎች።»

በዚያች ቅጽበት ከገለምሶ የመጣ ሚኒባስ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ጭሮ! ጭሮ!» እያለ አልፎን ሄደ።

ታምራት መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። አገጩ ላይ ዓርብ ዕለት የተቆረጠው ቦታ ገና አልደረቀም።

እንግዲያው እንመለስ አልኩ።

እዚያው ቀን፣ ማታ፣ አሰበ ተፈሪ

ስንመለስ ምንጩ ጋ አልቆምንም። ሚካል እንደገባን ክፍሏ ገባች። ታምራት ሳሎን ሶፋው ላይ ከነጫማው ወድቋል፤ በኔ ቤት ከነጫማ። አላስነሣሁትም።

መኪናው ውስጥ ሳለሁ ተቆጥቼ ነበር። ይህን ያህል ቀን! መርዶ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ይታመማል ተብሎ አይከማችም። ከዚያ ከኋላ ወንበር የልጄን ማጅራት እያየሁ መጣሁ። ቀበረና መጣ። ከመቃብር ተመልሶ በስልክ «ያው ነው» ሲለኝ ከረመ። ጢሙን አስላጨሁት፣ ተላጨልኝ። እኔም የሰማሁትን አልሰማሁም እያልኩ፣ እነርሱም ያዩትን አላየንም እያሉ፣ ሦስት ሰው አንድ ሬሳ ተሸክመን ተራራ ወጣን፣ ተራራ ወረድን።

ኅዳር 20 ጠዋት ዑሙልኸይርን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጋዋ ከአልጋዬ ክንድ አይርቅም ነበር። አልጠየቅሁም። በሩ እስካልተመታ ድረስ አዳማ ተኝቷል፤ ነገ ይደውላል፤ ምንጩን ይጠይቀኛል። ይህን ስለፈለግሁ ነው። የማሚቴ ወሬ ሐሰት ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ ግን ወሬውን ተደገፍኩት።

የቤቱ ኃላፊ የነበሩት ሴትዮ ይቅር ይበሉኝ። ያላየሁትን፣ ያልተነገረኝንም እጽፋለሁ።

ዘገየ ሞቷል።

ከእኔ በቀር የቅርብ ሥጋ የለውም። አርባውን የማወጣለት እኔ ነኝ፤ ቄሱን የምጠራ፣ ድሆቹን የማበላ፣ ስሙን የማስጠራ እኔ ነኝ። የምቆጥርበት ቀን ግን የለኝም። ሐሙስ ዑሙልኸይር ምስሩን በደባለቀችበት ዕለት ይሁን፣ ወይስ በዋዜማው? ቀኑን በግምት አልይዝም። አርባ በግምት አይወጣም።

ነገ በመጀመሪያ፦

እነርሱ ሳይነቁ እነሣለሁ።

ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ እለብሳለሁ፤ ማወቄን አይተው ይረዱታል።

የግቢውን በር ወለል አድርጌ እከፍታለሁ። ማጠፊያው አሁን በትክክል ተሰክቷል፣ አይጮህም።

ዑሙልኸይርን በአጥሩ ላይ እጠራታለሁ፤ ከጎኔ ትቀመጥ፣ የእርሷም ለቅሶ ተከማችቶባታል።

ሹራቡን ለታምራት አለብሰዋለሁ። እጅጌው ይረዝምበታል። እንዳይላጭም እነግረዋለሁ።

የምንጩን ውኃ ለገለምሶ መንገድ በር አጠገብ አስቀምጣለሁ።

ከዚያ የልጄን እጅ ይዤ ደረቴ ላይ አደርገውና፣ እንደማይወድቅ አይቶ፣ ቀኑን ንገረኝ እለዋለሁ።